ዕቃ ሳይጠየቅ ይመልስ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በቀድሞ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከዚህ ትምህርት ቤት ተምረው የወጡ ሰዎች በልዩ ልዩ ሙያ ተሰማርተው አገራቸውን የሚያገለግሉ ስለ ሆኑ፤ ከእኔ ይልቅ ብዙ ሊነግሯችሁ የሚችሉ አሉ። እኔን የበዓሉ አዘጋጆች የጠየቁኝ ስለ አንድ ክረምት ሥራ ብቻ እንድናገር ነው። ይኸውም የ11ኛ ክፍልን ትምህርት ጨርሼ፤ በ2010 ዓ.ም. ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን ድረስ በፍኖተ ሰላም ከተማ በአንድ ሱቅ ስለ ተለማመድሁት የዕቃ አደራደር ሙያ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ዕቃ መደርደር ደግሞ ምን ትምህርት ያሻዋል? ከባዱን ከታች፤ ቀላሉን ከላይ ማድረግ አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን ከዚሁ ልጀምር።

አንድ ሰው ወደ ሱቅ ሲመጣ በአፉ ባይናገረውም በልቡ አራት ጥያቄዎች ይዞ ይመጣል። አንደኛው፤ የምፈልገው ዕቃ እዚህ አለ ወይ? ሁለተኛው፤ ዋጋው ስንት ነው? ሦስተኛው፤ ለእኔ የሚሆን ነው ወይ? አራተኛው፤ ደኅና ዕቃ ነው ወይ? የሚሉት ናቸው። ብዙ ሰው ግን እነዚህን ከመጠየቅ ይልቅ ዝም ብሎ መመለስን ይመርጣል። አንዱ ስለሚያፍር ነው፤ አንዱ የገንዘቡ ማነስ እንዳይታወቅበት ስለሚፈራ ነው፤ አንዱም ሻጭ ሲቈጣ አይቶ ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ የዕቃ አደራደር ሙያ ማለት ዕቃው ሳይጠየቅ እነዚህን አራት ጥያቄዎች እንዲመልስ ማድረግ ነው። እኔም ያየሁትን በእነዚሁ ጥያቄዎች ተራ እነግራችኋለሁ።

አስቀድሜ ግን ሙያው በሌላው ዓለም ያለውን ታሪክ ባጭሩ ላንሣ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በፓሪስ ከተማ አሪስቲድ ቡሲኮ የተባለ ነጋዴ በ1852 ቦን ማርሼ ወደሚባለው ሱቅ በሽርክና ገባ። ከዚያም በየዕቃው ላይ የተቈረጠ ዋጋ መለጠፍንና ማንም ሰው የመግዛት ግዴታ ሳይኖርበት ገብቶ እንዲመለከት መፍቀድን የሱቁ ደንብ አደረገ። በአሜሪካ ደግሞ ስለ ኦዝ ጠንቋይ የሚተርከውን የታወቀ የልጆች መጽሐፍ በ1900 ያሳተመው ላይማን ፍራንክ ባውም፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ስለ ሱቅ መስኮት አሠራር የሚያስተምር መጽሔት አቋቁሞ ነበር። በለንደን ሃሪ ሴልፍሪጅ በ1909 ትልቁን መደብሩን ሲከፍት መስኮቶቹ በሌሊት ጭምር በመብራት እንዲታዩ አደረገ። በ1916 ደግሞ ክላረንስ ሳውንደርስ በአሜሪካ በሜምፊስ ከተማ፤ ገዢው ራሱ ከመደርደሪያ እያነሣ የሚገዛበትን ሱቅ ከፈተ። ከዚያ በፊት በዚያም አገር ቢሆን ገዢ ከባንኮኒው ወዲህ ቆሞ፤ ሻጭ ከባንኮኒው ወዲያ ሆኖ እያነሣ ያቀብል ነበር። ስለዚህ የሙያው ታሪክ ባጭሩ፤ ዕቃው ቀስ በቀስ ወደ ገዢው እጅ የቀረበበት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሱቃችን ልመለስ። ሱቁ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው የአስፋልት መንገድ ዳር ነበር። የማይሸጥበት ነገር አልነበረም። ጨርቅና ብርድ ልብስ፣ ጃንጥላና ጫማ፣ ሲኒና ፔርሙዝ፣ ደብተርና እስክርቢቶ፣ ሳሙናና ባትሪ፣ የጎመንና የሽንኩርት ዘርም ጭምር ይገኝበታል። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ሱቁን በአዲስ መልክ አሠርተው፤ በደጁ ቀኝና ግራ ነጋዴዎች ቬትሪና የሚሏቸውን ሁለት ትልልቅ የመስተዋት መስኮቶች አስገብተውለታል፤ ወለሉንም ሴራሚክ አስነጥፈውለታል። ሥራውን ያስተማረኝ የእኅታቸው ልጅ ነው። እርሱም በአዲስ አበባ በመርካቶ በልብስ ሱቅ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድም ዕቃ እንድነካ አልፈቀደልኝም። «ከመንገዱ ማዶ ቁሚና ሱቁን ተመልከቺ። ማን ቆሞ እንዳየ፣ ማን እንደ ገባ፣ ማን ሳይገባ እንደ ተመለሰ ጽፈሽ አምጪልኝ» አለኝ። እኔም ጃንጥላዬን ዘርግቼ፤ ደብተሬን ከዝናብ እየከለልሁ መጻፍ ጀመርሁ። በገበያ ቀን የታየኝ ነገር ግልጥ ነበር። የከተማው ሰው ጫማውን ጠራርጎ ይገባል። ከገጠር የመጣው ሰው ግን መስኮቱን ያያል፤ ወለሉን ያያል፤ ቀጥሎም ጭቃ የያዘውን እግሩን ያይና ይመለሳል። በዚያ ሳምንት ካየኋቸው ብዙዎቹ ገንዘብ ይዘው የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከሱቃችን ተመልሰው በጉሊት መሬት ላይ ተነጥፎ የሚሸጠውን ያንኑ ዕቃ ሲገዙ አይቻለሁና። ይህን ጽፌ ባቀርብ ጋሼ በደጁ ላይ ጆንያ አስነጠፉ፤ ከበረንዳው ጫፍም የእግር ጭቃ መጥረጊያ ብረት አስተከሉ። የዕለት ዕቃዎችን የያዘ አንድ ጠረጴዛም ወደ በረንዳው ወጣ። ገና አንድ መደርደሪያ ሳንነካ መግባት የማይደፍር የነበረው ሰው መግባት ጀመረ። ከዚህ የተማርሁት፤ የአደራደር ሥራ የሚጀምረው ከደጃፉ መሆኑን ነው።

ወደ ፊተኛው ጥያቄ፤ «የምፈልገው ዕቃ አለ ወይ?» ወደሚለው እንምጣ። መደርደሪያዎቹ እስከ ጣሪያ ድረስ የሞሉ ቢሆኑም ሰው የሚያየው ከወገቡ እስከ ዐይኑ ያለውን ነው። ከዚያ በላይ ያለው ዕቃ በመሰላል እንጂ በዐይን አይገኝም። ስለዚህ ዘወትር የሚፈለገውን ወደዚያ ቦታ አመጣን። የልጆችን ደብተርና ቦርሳ ከዚያ ዝቅ አድርገን በልጅ ዐይን ትክክል አኖርነው። ጀሪካንና ብረት ድስትን የመሰለውን ከባድ ዕቃ መሬት አስያዝነው። ቀጥሎም በቤት ውስጥ አብረው የሚሠሩ ዕቃዎች በሱቅም አብረው እንዲኖሩ አደረግን። ሲኒ ከጀበናና ከረከቦት ጋር ሆነ፤ ድንጋይ ባትሪ ከእጅ ባትሪ አጠገብ፤ ደብተር ከእስክርቢቶ አጠገብ ተቀመጠ። የብርሃኑም ነገር የራሱ ብልሃት ነበረው። በክረምት ደመና ሲከብድና መብራት ሲጠፋ ጥቁርና ሰማያዊ ጨርቅ በሱቁ ጓዳ ከቶ አይታይም፤ ነጭና ቢጫው ግን በድንግዝግዝም ይታያል። ስለዚህ ጥቁሩን ወደ ደጅ፤ ነጩን ወደ ውስጥ አዛወርን። ይህ ሁሉ አንድ ብር እንኳ አላስወጣም።

ሁለተኛው ጥያቄ የዋጋ ጥያቄ ነው። በዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ብዙ ተነጋገርን። እርሳቸው «ዋጋ ከተለጠፈ ክርክር ይቀራል፤ ክርክር ከቀረ ደግሞ የገበያ ወጉ ይቀራል» ይሉ ነበር። እውነትም በአገራችን ዋጋ መከራከር የሰው ለሰው መተዋወቂያ ነው። ነገር ግን በክርክር የሚረታው አንደበተ ርቱዕ የሆነው ነው። ዐይን አፋር የሆነች ሴት፣ እናቱ የላከችው ሕፃን፣ መኪና እንዳያመልጠው የሚቸኩል መንገደኛ፤ ለዚያው ዕቃ የሚበልጥ ዋጋ ይከፍላሉ። ከዚህም በላይ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፤ ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጥ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲጽፍ ደንግጓል። በመጨረሻ ጋሼ በዕለት ዕቃዎች ላይ ዋጋ እንድለጥፍ ፈቀዱልኝ፤ የጨርቁ ክርክር ግን እንደ ወጉ ቀረ። ዋጋውን የጻፍሁት ከመንገድ በሚነበብ ወፍራም አኃዝ ነው። በፊደል ፈንታ አኃዝ የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ በብር ኖት ላይ ያለውን አኃዝ ለይቶ ያውቃል። ገበያ ያስተማረውን ዕውቀት መናቅ አይገባም።

ሦስተኛው «ለእኔ የሚሆን ነው ወይ?» የሚለው ነው። በመስኮቶቹ ውስጥ ሁለት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ቆመው ነበር። ፊታቸው የፈረንጅ ነው፤ የለበሱትም ጠባብ ሱሪና አጭር ቀሚስ ነው። ከገጠር የመጡ ሰዎች ቆመው እያዩ ይስቁ ነበር እንጂ፤ በውስጥ ለእነርሱ የሚሆን ልብስ መኖሩን የሚነግራቸው ነገር አልነበረም። እኔም ጋሼን አስፈቅጄ፤ ወንዱን በበረንዳችን ላይ በስፌት መኪናው የሚሠራው ልብስ ሰፊ የሰፋውን አረንጓዴ ቁምጣና ኮት አለበስሁት። በትከሻው ኩታ ጣል አድርጌ በእጁ ዱላ አስያዝሁት። ሴቲቱንም የአገር ልብስ አልብሼ በመቀነት አስታጠቅኋት፤ ነጠላም ደረብሁላት። በክንዷም ጃንጥላ አንጠለጠልሁላት። በገበያው ቀን መስኮቱ በሰው ተከበበ። አንድ ሽማግሌ «ይህ ሰው የወዴት አገር ሰው ነው?» ብለው ቢጠይቁ፤ ጓደኛቸው «አለባበሱ የእኛ ነው፤ ቆዳው ግን የሩቅ ነው» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ነገር ግን ከሣቁ በኋላ ገቡ። ልብስ ሰፊውም በዚያ ሳምንት ትእዛዝ በዝቶበት እስከ ምሽት ድረስ መኪናውን ሲረግጥ ሰነበተ። ሰው በመስኮት ውስጥ ራሱን ካላየ፤ ሱቁ የሌላ ሰው ሱቅ ይመስለዋል።

አሁን ወደ አራተኛው ጥያቄ ደርሻለሁ፤ ንግግሬም ስለዚሁ ነው ብል ይሻላል። «ዕቃው ደኅና ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል።

በነሐሴ ወር አንድ ቀን የጋሼ የእኅት ልጅ በማንኩሳ አድርጎ ወደ ቡሬ ገበያ ወሰደኝ። ቡሬ የባሕር ዳሩ መንገድና ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከጎረቤቷ ከወምበርማ ጋርም በበርበሬዋ የታወቀች ናት። «ከሱቅ የበለጠ አደራደር የምትማሪው ከዚህ ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ዛላ በርበሬ የሚሸጡት ሴቶች ከጆንያው አፍ ላይ ቀዩንና የሚያብረቀርቀውን አድርገውታል። ገዢዎች ግን እርሱን አይተው አይገዙም። እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገብተው ከሥር ያወጣሉ። ዛላውን በጆሯቸው አጠገብ ያንቀጫቅጩታል፤ ደረቅ ከሆነ ፍሬው ይሰማል፤ እርጥብ ከሆነ ዝም ይላል። ሸክላ የሚገዛው ማሰሮውን በጣቱ ኳኳ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ቅቤ የሚገዛው አሽትቶ ይገዛል። ሻጮቹም በዚህ አይቀየሙም። እንዲያውም ጆንያውን ዘቅዝቀው ሥሩን የሚያሳዩ አሉ፤ ብዙ ደንበኛ ያላቸውም እነርሱ ናቸው። ዐይን ያያል፤ ልብ ይፈርዳል እንዲሉ፤ የቡሬ ገበያ አደራደር ለዐይን አሳምሮ ለእጅም ክፍት የሆነ ነበር።

ከዚያ በተመለስን በሳምንቱ በሱቃችን አንድ ነገር ደረሰ። የመስኖ ሽንኩርት ችግኝ የሚፈላበት ጊዜ እየቀረበ ስለ ነበረ፤ ጋሼ በጣሳ የታሸገውን የቀይ ሽንኩርት ዘር ወደ ፊት አውጥቼ እንድደረድር አዘዙኝ። ጣሳዎቹን ሳነሣ የአገልግሎት ጊዜያቸው አልፎ ነበር። ቀኑ የተጻፈው በእንግሊዝኛና በፈረንጅ አቈጣጠር ነው። ይህንን ብነግራቸው «ቀኑ የተጻፈበት ወገን ወደ ግድግዳው ይሁን» አሉኝ።

«ጋሼ፤ ዘሩ ባይበቅል ሰውዬው ማንን ይጠይቃል?» አልኋቸው።

«ዘር የሚያበቅል እግዚአብሔር ነው። አንቺ ያልተጠየቅሽውን አትመልሺ» አሉኝ።

ወገኖቼ፤ ይህ ቃል ክረምቱን ሙሉ የተማርሁትን ሙያ የሚገለብጥ ነበር። ዕቃው ሳይጠየቅ እንዲመልስ ስንደክም ከርመን፤ አሁን ቢጠየቅም እንዳይመልስ ፊቱ ወደ ግድግዳ ሊዞር ነው። እኔም ጣሳዎቹን ቀኑ ወደ ሰው እንዲታይ አድርጌ አኖርሁና ሥራዬን ቀጠልሁ። ጋሼ አዩ፤ ግን ሰው ስለ ገባ ዝም አሉ።

የገቡት አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ነበሩ። አንዱን ጣሳ አንሥተው በእጃቸው ካገላበጡ በኋላ «ልጄ፤ እኔ ፊደል አልቈጠርሁም፤ እዚህ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?» ብለው ወደ እኔ ዘረጉት። ጋሼ ከባንኮኒው ኋላ ቆመዋል። እኔም የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ አቈጣጠር መልሼ «አባቴ፤ ይህ ዘር መዘራት የነበረበት እስከ ባለፈው የካቲት ነው ይላል» አልኋቸው። ሽማግሌው ጣሳውን ቀስ ብለው ወደ ቦታው መለሱና «እግዜር ይስጥልኝ። መሬቱስ የእኔ ነው፤ ውሃው ግን በተራ ነው የሚደርሰኝ» ብለው ወጡ። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ያልበቀለ ዘር የጣሳውን ዋጋ ብቻ ይዞ አይሄድም። መደቡን፣ ጕልበቱን፣ የመስኖውን ተራና የዓመቱን ሽንኩርት ይዞ ይሄዳል። ሳሙና ቢከፋ ሌላ ሳሙና ይገዛል፤ ያለፈ ወራት ግን ከየትም ሱቅ አይገዛም።

በነጋታው ስመጣ የምሰናበት መስሎኝ ነበር። ጣሳዎቹ ግን ከመደርደሪያው ወርደው በካርቶን ታሽገው አገኘኋቸው፤ ወደ አመጣቸው ነጋዴ እንዲመለሱ ጋሼ ራሳቸው አውርደዋቸው ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል ከሥራ ቃል በቀር ሌላ አልተናገሩኝም። በጳጉሜን የሥራዬን ዋጋ ሲሰጡኝ ግን «መደርደሩን ከእኅቴ ልጅ ተማርሽ፤ ማንበቡን ግን ከትምህርት ቤት ይዘሽው መጥተሻል» አሉኝ። ይህን የምነግራችሁ ራሴን ለማመስገን አይደለም። ንባብና የቀን ስሌት ያስተማሩኝ መምህራን እዚህ ተቀምጠዋልና ድርሻቸውን እንዲያውቁት ብዬ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ይህ ነገር የአንድ ሱቅ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል፤ በዚያው ዓመት ፊቤላ የተባለው የምግብ ዘይት ፋብሪካም በዚያችው ከተማ ተመርቋል። የገበሬው ምርት በጆንያ መሸጡ እየቀነሰ፤ በጠርሙስና በካርቶን እየታሸገ የሚሸጥበት ዘመን መምጣቱ አይቀርም። እንግዲህ በታሸገ ዕቃ ውስጥ እጅ ገብቶ ከሥር ሊያወጣ አይችልም። ዛላው በጆሮ አይሰማም፤ ቅቤውም አይሸተትም። በዚያ ጊዜ የገዢው እጅ ሆኖ የሚያገለግለው በማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ከዋሸ ወይም ፊቱ ወደ ግድግዳ ከዞረ፤ ገዢው እጁን እንደ ተቈረጠ ሰው ይሆናል። ገበያው ባደገ መጠን የአሳዩም ሰው አደራ አብሮ ያድጋል ማለት ነው።

ገበያ ደግሞ ያለ ሰላም አይቆምም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ሱቅ ሲታሸግ፣ ትምህርት ቤትም ሲቋረጥ አይተናል። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነውና፤ ከተማችን ስሟን የምትመስልበት ቀን እንዲቀርብ ሁላችንም እንመኛለን። የተከፈተ ሱቅና የተከፈተ ትምህርት ቤት ያሉበት አገር የታደለ አገር ነው።

እናንተ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ ክረምቱን በሥራ ለማሳለፍ የሩቅ ከተማ ቢሮ ብቻ አትጠብቁ። በመንደራችሁ ሱቅ፣ በወፍጮ ቤት፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን የሚማሩት አለ። ስትገቡም አስቀድማችሁ ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ማን እንደሚገባ ብቻ ሳይሆን ማን ሳይገባ እንደሚመለስም ጻፉ። እናንተ መምህራን፤ ለክረምት ሥራ የሚሄዱትን ተማሪዎች ሲመለሱ ያዩትን በክፍል ፊት እንዲናገሩ ብታደርጉ፤ አንዱ ያየው ለሁሉ ይሆናል። እናንተ ወላጆችም፤ ልጃችሁ በሱቅ ሠራች ሲባል እንደ ውርደት አትቍጠሩት። ከትምህርት የተገኘ ዕውቀት ክብሩ የሚታወቀው ሌላ ሰው ሲጠቀምበት ነው።

የማታ ማታ ግን አንድ ነገር አስታውሱልኝ። ነጋዴ ብትሆኑ፣ ሐኪም ብትሆኑ፣ የመንግሥት ሠራተኛም ብትሆኑ፤ አንድ ቀን በፊታችሁ ማንበብ የማይችል ሰው ቆሞ «እዚህ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ያን ጊዜ የተጻፈውን እንዳለ አንብቡለት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ለብዙ ዘመን ያኑርልን።